አሮጌ ኮሮላ፦ ወለሉ ውሃ ይይዛል፣ ራዲያተሩም ይጎድላል፤ ከየት ልጀምር?

የጠባሴው

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። መኪናዬ በፈረንጆች የ1992 ሞዴል ኮሮላ ናት። ሞተሯ ደህና ነው፤ ቦዲዋ ግን አርጅቷል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ውሃ ይጠራቀማል። ውስጧ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ጠዋት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ጭጋግ ይለብሳል፤ በጨርቅ ብጠርገው ወዲያው ይመለሳል።

በዚህ ላይ የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል። ሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፌ አሳድሬ አይቻለሁ፤ ጠብታ የለም።

አንድ ጋራዥ አሳይቼ ነበር። የፊት መስታወቱን ዙሪያውን ሲሊኮን ቀብተው መለሱልኝ። ቀጥሎ ሲዘንብ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ "ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ቴስታታ መውረድ አለበት" ይሉኛል። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ መሆኑ ነው። ያን ሁሉ ብር ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ። ሸጬ ሌላ ልግዛ እንዳልል የዛሬ መኪና ዋጋ የሚቀመስ አይደለም።

ጫጫ ላይ

የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዋም ተወዳለች። ያለችህን ያዝ።

ለራዲያተሩ ብዙ አትጨነቅ። ቁንዶ በርበሬ ወቅጠህ ጨምርበት፤ ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይደፍነዋል። ሞተሩ የሚሞቅብህ ከሆነ ደግሞ ተርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን፣ አውጥተህ ጣለው። እኔ የምነዳው እንደዛ ነው።

ባትላሜራ

ወንድሜ የጠባሴው፣ ቴስታታ ለማውረድ አትቸኩል። ቁንዶ በርበሬውንም ቆየት አድርገው።

መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ ይገባል። አንዱ የዝናብ ነው፣ ሌላው የሞተር። ሁለቱም እዚያው ሞኬት ሥር ሊጠራቀሙ ይችላሉ። ማሸግ ከመጀመርህ በፊት የትኛው እንደሆነ ለይ። አንተ የምትነግረን ነገር ደግሞ ሁለቱም አብረው ያሉ ያስመስለዋል።

ነጭ ሶፍት ወይም ነጭ ጨርቅ እርጥቡ ላይ ተጫን። ቀለም ካወጣ፣ አረንጓዴም ይሁን ቀይ፣ ኩላንት ነው፤ ራዲያተር ውስጥ ከውሃ ጋር የሚጨመረው ፈሳሽ። ሽታው ጣፈጥ ይላል፤ በጣት ሲፈትጉት ያሙለጨልጫል። እባክህ አትቅመሰው፤ መርዝ ነው። ራዲያተርህ ውስጥ ያለው ባዶ ውሃ ከሆነ ግን በቀለም አትለየውም። እንደዛ ከሆነ ሞኬቱን አውጥተህ ወለሉን አድርቅ። መኪናዋን ዝናብ በማይነካት ቦታ አቁመህ ሞተሩን አስነሳ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ አቆየው። ሰማዩ ሳይዘንብ ወለሉ ከረጠበ ውሃው ከሞተር ነው የመጣው።

ከሞተር ወደ ጋቢና ውሃ የሚገባው በአብዛኛው ከማሞቂያው ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። ከሞተሩ ሁለት ቀጫጭን ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ይሄዱባታል። እሷ ወይም ማኒኮቶዎቹ ካፈሰሱ ራዲያተርህ ይጎድላል፣ ከመኪናው ሥር ጠብታ አታይም፣ የተሳፋሪው እግር ይረጥባል፣ መስታወቱ ከውስጥ ይጨልማል። መስታወቱ ላይ የሚቀረው ነገር ቅባት ቅባት የሚል ከሆነ ይህንን አጥብቀህ ጠርጥር። የጻፍከውን አንድ በአንድ እየው፤ ቴስታታን የሚያስጠረጥር ነገር እስካሁን አልነገርከንም።

ማሞቂያዋ ከተበሳች ዳሽቦርድ ማውረድ ስለሚጠይቅ ሥራው ረጅም ነው። ለጊዜው ግን ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ የሚገቡትን ሁለቱን ማኒኮቶዎች ነቅለህ፣ በአጭር ቱቦ እርስ በርስ አገናኝተህ ማሰር ትችላለህ። ማሞቂያ አይኖርህም። በደብረ ብርሃን ጠዋት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ግን መኪናዋ ትሄዳለች፣ ውሃውም ይቆማል። ከማገናኘትህ በፊት የማኒኮቶዎቹን ጫፍ ጫፍ አይ። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው ጫፉ ነው። የተረፈ ርዝመት ካለው ቆርጠህ በአዲስ ማሰሪያ ማሰር ይበቃል።

ባትላሜራ

ስለ ዝናቡ ለብቻው ልጻፍ፤ ሙያዬም ይኼው ነው።

ሲሊኮን ከላይ መቀባት እኔ ጭራሽ አልወደውም። ውሃ የሚገባበትና የሚታይበት ቦታ አንድ አይደለም። ጣራ ላይ ገብቶ ምሰሶውን ተከትሎ ወርዶ እግር ሥር ይወጣል። የሚታይበትን ብታሽገው ውስጥ ይታቆራል፣ ላሜራው ከሥር ይበላል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ደግሞ ራሱ አሲድ ይለቃል፤ ቀለም የሌለው ብረት ላይ ሲያርፍ ዝገትን ይጠራል።

መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈትና ከመስታወት መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ወንፊት ያለው ክዳን ንቀል። ከሥሩ ጉድጓድ አለ። መስታወቱን የመታው ዝናብ ሁሉ እዚያ ወርዶ፣ በግራና በቀኝ ባሉ ማፍሰሻዎች ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ይወጣል። ልክ እንደ ቤት አሸንዳ ነው፤ ሲደፈን ሞልቶ ወደ ቤት ይገባል። የማሞቂያው አየር የሚሳበውም ከዚያው ጉድጓድ ስለሆነ፣ ውሃው ከፍ ሲል በአየር መግቢያው በኩል ተሳፋሪው እግር ላይ ይፈስሳል። እኛ አገር ደግሞ መኪና የሚቆመው ባህር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከአቧራ ጋር ተላቁጦ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። በእጅህ ዛቀው። ከዚያ ለስለስ ባለ ሽቦ ማፍሰሻውን ክፈት፣ ውሃ አፍስስበትና ከሥር መውጣቱን አይ። ሽቦውን በኃይል አትውጋ፤ የበሰበሰ ላሜራ ካለ ትበሳዋለህ።

በሮቹን ቀጥለህ እይ። በበር መስታወት በኩል ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ያለ ነው፤ ሲሠራም እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። እነሱን አንድ ሰው ስቱኮ ወይም ቀለም ደፍኖባቸው ከሆነ በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ትሰማለህ። ከበሩ ልባስ ኋላም ፕላስቲክ ተለጥፏል። የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የገጠመ ሰው ቀዶት ከሄደ ውሃው ወደ ውስጥ ይወርዳል። ወፍራም ፕላስቲክ ቆርጠህ በማስቲሽ መልሰህ ለጥፍ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ከዚያ ጎማዎቹን። የበር ጎማ ሲያረጅ ይተኛል። ጋዜጣ በሩ ላይ አድርገህ ዝጋና ሳብ አድርገው። ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው አልያዘም። ፖርቶ መጋላ ያላት ከሆነ ቡሎኖቹ የገቡበትን ቀዳዳም እይ።

ይህ ሁሉ አልፎ አልተገኘም እንበል። ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ወንበሩን አውጥቶ የስልኩን መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ፤ አንዱ ቦታ ላይ በደንብ ሳትቆይ ወደ ሌላው አትለፍ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉም ነገር ስለሚረጥብ ምንም አትለይም። ላቫጆ ወስደህ በግፊት ውሃ አትሞክረው፤ ደህናውን ጎማ ሳይቀር አልፎ ይገባል።

ቀዳዳው መስታወቱ ሥር ከሆነ መስታወቱ መውጣት አለበት። ሌላ መንገድ የለውም። ዝገቱ ተፍቆ፣ የተበላው ተቆርጦ ተበይዶ፣ አንቲረስት ተቀብቶ ነው የሚመለሰው።

መንዜዋ

ጋሼ ባትላሜራ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ዘርዝሮ የሚያስረዳ ሰው ብርቅ ነው። እኔ መሐል ሜዳ ነኝ። ያረጀች ቪታራ አለችኝ። የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍተው ከውስጥ በኩል ቡና በወተት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ጓርኒሲዮን ነው አሉኝ። እውነት ነው? እንቅልፍ ነሳኝ።

ባትላሜራ

እህቴ፣ አይዞሽ። በእሱ ብቻ አይፈረድም። እናንተ ያላችሁበት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ ጠዋት ተነስቶ ከቤት እስከ ገበያ ብቻ ከሄደ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። ውስጡ ያለው እርጥበት ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ይጤዛል፣ ከዘይት ጋር ይደባለቅና ያ የምታዪው ነጭ ነገር ይሆናል። ጥረጊውና ረዘም ያለ መንገድ ንጂ። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተሽ እይ። እዚያ ላይ ያለው ዘይት ንጹህ ከሆነ፣ የራዲያተርሽም ውሃ ካልጎደለ፣ ተኚ።

ዘንጉ ላይ ያለውም ከነጣ፣ ወይም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ራዲያተሩን ከፍተሽ ስታስነሺው አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ከተነሳ ገና ጥቂት ሳይቆይ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም በማርሚታው ነጭ ጭስ ካላቆመ፣ ያኔ ጓርኒሲዮን ነው። ያኔ አትንጂው።

መንዜዋ

ዘንጉ ንጹህ ነው! ውሃውም አይጎድልም። ረጅም ዕድሜ ይስጥዎት።

የፊዚክስ መምህር

ሰላ ድንጋይ አስተምራለሁ። ጫጫ ላይ ስለ ተርሞስታት ያልከው ላይ አንድ ነገር ልበል፤ ነገሩ ለእኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው።

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ90 እና በ91 ዲግሪ መካከል ይፈላል። ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያነሰ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ተርሞስታታቸው የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ሞተሩ በጤናው የሚሠራበት ሙቀትና ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

ይህንን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳን ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው። ግፊት አፍኖ ይይዛል። 0.9 የሚል የተጻፈበት ክዳን በትክክል ከሠራ፣ ደብረ ብርሃን ላይም ቢሆን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይደርስ አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃው በ90 ዲግሪ ፈልቶ በትርፍ ማሰሮው በኩል ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ያልሞቀ መኪና እዚህ ሲመጣ የሚፈላው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ራዲያተር አጠበ፣ ፓምፕ ቀየረ፣ ተርሞስታት ጣለ፤ የጎደለው ግን ክዳን ነበር።

ተርሞስታት ማውጣት ደግሞ እዚህ ብርድ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል። ቤንዚን ይበላል፣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋል፣ እህታችን መንዜዋ የጠየቀችው እርጥበትም ዘይቱ ውስጥ ይከማቻል። ተርሞስታቱ ከተበላሸ ድስት ውስጥ ውሃ እያሞቁ መፈተን ይቻላል። ውሃው ከመፍላቱ በፊት ካልተከፈተ በአዲስ ይቀየር።

የሮቢት ሹፌር

መምህር ልክ ብለሃል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ዶልፊን እሠራለሁ። ሮቢት ቆላ ነው፣ 1,300 ሜትር ገደማ። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈህ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። መኪና የሚፈተነው እዚያ ዳገት ላይ ነው። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ዕቃ፣ ከኋላ ነፋስ ካለ ደግሞ ራዲያተሩ አየር አያገኝም።

የሙቀት መለኪያው ከተለመደው ከፍ ማለት ሲጀምር የማደርገውን ልንገራችሁ። ማርሽ እቀንሳለሁ። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ እከፍታለሁ፤ ተሳፋሪ ያጉረመርማል፣ ግን ሁለተኛ ራዲያተር ማለት ነው፣ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ዳር ይዤ እቆማለሁ። ክዳኑን ግን አልነካም። እባካችሁ ወንድሞቼ፣ የጋለ ራዲያተር አትክፈቱ። መምህር የነገረን ግፊት በአንዴ ይለቀቅና የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይረጫል። ማኒኮቶው በእጅ እስኪያዝ ቆዩ። ከዚያም በጋለ ሞተር ላይ የምንጭ ውሃ አትድፉ። ቴስታታ የሚሰነጠቀውና የሚጣመመው ያኔ ነው።

ባትላሜራ

ጫጫ ላይ ወንድሜ፣ ቁንዶ በርበሬህን አልረሳሁትም። መንገድ ላይ ለጨነቀው ሰው ከተማ እንዲደርስ ይረዳው ይሆናል። ችግሩ ዱቄቱ ቀዳዳውን ከደህናው ቱቦ አይለይም። የራዲያተር ቱቦዎች ጠባብ ናቸው፣ የማሞቂያዋ ደግሞ ከዚያም ይጠባሉ። ዛሬ ያቆመልህ ነገር በኋላ ሞተሩን ያግለዋል። የገባበት ካለ ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠብ።

ሌላም ነገር አለ። ባዶ ውሃ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ከጥቅምት በኋላ ውርጩ ይመጣል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሲወርድ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ ይረጋል፤ ሲረጋ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይሰነጥቃል። አንድ እጅ ኩላንት ለሁለት እጅ ውሃ እስከ -15 ዲግሪ ገደማ ይይዝላችኋል። ለእኛ ይበቃል። ዝገትም ይከላከላል። ውሃው የወንዝ ባይሆን ይመረጣል፤ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይሠራል። ስትቀይሩ ያወጣችሁትን ሜዳ ላይ አትድፉት። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ይጠጣዋል።

የጠባሴው

ወንድሞቼና እህቴ፣ ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ጋሼ እንዳሉት ከመጥረጊያው ሥር ያለውን ክዳን ነቀልኩት። ጉድጓዱ ሙሉ የባህር ዛፍ ቅጠልና ጭቃ ነበር። የግራው ማፍሰሻ ትንሽ ያወርድ ነበር፣ የቀኙ ፈጽሞ ተደፍኗል። ከፈትኩት፤ ውሃ ሳፈስበት ከጎማው ኋላ ይወርዳል። በዝናብም ተሞከረ፣ ደረቅ ነው።

ከዚያ ወለሉን አድርቄ፣ ቤት ውስጥ አቁሜ ማሞቂያውን ከፈትኩ። ቀስ እያለ ረጠበ። ውሃው ሁለት ዓይነት ነበር ማለት ነው። የተሰነጠቀው አንደኛው የማሞቂያ ማኒኮቶ ነው፣ ላሜራው ላይ ከሚገባበት ጫፉ ላይ። ወደ ውስጥ በኩል እያንጠባጠበ ምንጣፉን ተከትሎ ይወርድ ነበር። ሁለቱንም በአዲስ ቀየርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ራዲያተሩ አልጎደለም። ቴስታታው አልተነካም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ሞኬቱን ሳነሳ ወለሉ ላይ ዝገት አለ። በካቻቢቴ ስጫነው አንድ ቦታ ላይ ሳሳ ይላል።

ባትላሜራ

በጣም ደስ ብሎኛል። የሳሳውን ቦታ በስቱኮ አትሸፍነው፤ ስቱኮ ብረት አይደለም። ይቆረጥና አዲስ ላሜራ ይበየድ። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ የነዳጁ ቱቦ በየት እንደሚያልፍም ከሥር ይታይ። የቀረውን ዝገት በብረት ብሩሽ ፍቀህ አንቲረስት ቀባው። ከሞኬቱ ሥር ያለውን ስፖንጅ ግን አውጥተህ ለብቻው አድርቀው። ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ውሃ እንደያዘ ስለሚቀር ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። በነሐሴ ፀሐይ ስለሌለ ቤት ውስጥ ስቀለው፤ እርጥቡን መልሰህ አታንጥፍ።

የሮቢት ሹፌር

ስለ ውሃ ካነሳን የፍሬን ዘይትንም እንይ። እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ቁጥር 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በፊት አይፈላም። እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ይወርዳል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ዘይቱን ያፈላዋል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል፣ መኪናው አይቆምም። ማርሽ ቀንሳችሁ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ጠቁሮ ካያችሁት ደግሞ ዓመት አትጠብቁ።

መንዜዋ

የእኔ ጠቁሯል። ሰኞ አስቀይረዋለሁ። ሌላው ደግሞ፣ የራዲያተር ክዳን ስገዛ ምን ብዬ ልጠይቅ? ሱቁ የሚሰጠኝ የተገኘውን ነው።

የፊዚክስ መምህር

አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለው፤ ያንኑ ቁጥር ግዢ። ከፍ ያለውን "ይሻላል" ብለው ቢሰጡሽ አትቀበዪ። ያረጀ ራዲያተርና ያረጀ ማኒኮቶ ተጨማሪ ግፊት አይችልም። ከመግዛትሽ በፊት ጎማውን በጣትሽ ጫን አድርጊው፤ መለስለስ አለበት።